ጆጉና የፕላስቲኩ አበባ

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ በአንድ ሆስፒታል ከሲቲ ስካኑ ማሽን አጠገብ ባለች ጠባብ መዘጋጃ ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈራቸውን እድር ጡሩምባ የነፉት ጋሽ ሽብሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ ያላረፈው የማሽኑ ባለሙያ ወይንሸት ፊታቸው ቆማለች፤ በመካከላቸው አንድ ጆግ ውሃና አምስት ብርጭቆ አለ።

ወይንሸት፦ ጋሽ ሽብሩ፣ ስለ እግዚአብሔር! ብርጭቆውን እያዩት ሩብ ሰዓት ሞላ። ውሃ እኮ ነው።

ሽብሩ፦ ውሃ መሆኑንማ አየሁት። ጠጅ ቢሆን አንቺን አላደክምም ነበር።

ወይንሸት፦ እንግዲያው ይጠጡዋ! አምስቱንም። ማሽኑ ለእኛ የተፈቀደው እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ የድንገተኛ ሕመምተኞች ይገባሉ።

ሽብሩ፦ ይግቡ። እኔ ድንገተኛ አይደለሁም። የኔ ነገር ካለቀ ቆይቷል።

ወይንሸት፦ ምኑ ነው ያለቀው?

ሽብሩ፦ ተይው ልጄ። አንቺም ደክሞሻል፣ እኔም ደክሞኛል። አትልፊ፣ አልልፋ።

ወይንሸት፦ ከጠዋት ጀምሮ ዐሥራ አራት ሰው አንስቻለሁ። ማሽኑ ከቅዳሜ እስከ ትናንት ተበላሽቶ ቆሞ፣ የተጠራቀመው ሰው ሁሉ ዛሬ ነው የመጣብኝ። ምሳ አልበላሁም። እርስዎን ሳላነሳ ግን ከዚህ አልሄድም።

ሽብሩ፦ ባለፈው ሐሙስ አንስተሽኝ የለ?

ወይንሸት፦ ያኛው ምስል አልጠራም፣ ይደገም ተባለ። በስልክ ነገርኩዎት እኮ።

ሽብሩ፦ «አልጠራም»። ጥሩ ቃል ነው። እኛ «ታሟል» ነው የምንለው።

ወይንሸት፦ እናንተ እነማን ናችሁ?

ሽብሩ፦ የእድር ሰዎች። ሰው ሲሞት ለሰፈሩ በጡሩምባ እናገራለሁ፤ ራቅ ላለው ዘመድ ደግሞ በስልክ፣ ካልሆነም በር አንኳኩቼ። ሰውየው ተገንዞ ተኝቶ፣ እኔ ለወንድሙ «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» እላለሁ። መንገድ ላይ እንዳይወድቅብኝ። እና አንቺ ማክሰኞ ደውለሽ «ምስሉ አልጠራም፣ ሐሙስ ይምጡ» ስትዪኝ የራሴን ድምፅ ነው የሰማሁት።

ወይንሸት፦ በስመ አብ! መርዶ ይዤ የጠራሁዎት መስሎዎት ነው?

ሽብሩ፦ መስሎኝ? ልቁጠርልሽ። ስጠይቅሽ ዝርዝሩን አልነገርሽኝም። «ብቻዎን አይምጡ» አልሽኝ። ልጄ የሺ ከቤት ስንወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። እህቴ ደግሞ ከናዝሬት መጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ በሥራ ቀን! ዘመድ በሥራ ቀን ሲሰበሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለኔ አትንገሪኝ።

ወይንሸት፦ «ብቻዎን አይምጡ» ያልኩት በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ራስ ሊያዞር ስለሚችል ነው። ለሁሉም ነው የምለው። እህትዎም የመጡት ደም ሊሰጡ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ምናልባት ቢያስፈልግ ደም ይዘጋጅ ብሎ። ለሞተ ሰው ደም አይጠየቅም፣ ጋሼ።

ሽብሩ፦ «ደም ስጥ» እኔም ብያለሁ።

ወይንሸት፦ ምን?

ሽብሩ፦ አንድ ሹፌር ነበር፤ እናቱ ሌሊት አርፋ፣ «ደም ያስፈልጋታል» ብዬ ነው ከደብረ ዘይት ያመጣሁት። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ድንኳኑን ሲያይ እጅጌውን እንደሰበሰበ አለቀሰ።

ወይንሸት፦ ግፍ ነው።

ሽብሩ፦ ወግ ነው።

ወይንሸት፦ ግፍ ነው አልኩዎት! የኔ አባት ያረፈው ደሴ ነው፤ እኔ እዚህ ተማሪ ነበርኩ። «ትንሽ አሞታል፣ ነይ» ብለው ደወሉልኝ። ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ፣ ሙዙ እንዳይጨፈለቅ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሄድኩ። አንድ ሴትዮ «ልቀመጥበት፣ ትንሽ ጠጋ በይ» ብትለኝ ተቆጣኋት። ያስቡት፤ ለሞተ ሰው ሙዝ ስጠብቅ።

ሽብሩ፦ ማን ነበር የደወለልሽ?

ወይንሸት፦ ምን ያደርግልዎታል? እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነዋ።

ሽብሩ፦ ሙዙንስ ምን አደረግሽው?

ወይንሸት፦ ድንኳኑ በር ላይ ማን እንደተቀበለኝ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ፌስታሉን ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። ጠቁሯል።

ሽብሩ፦ ይቅር በይን።

ወይንሸት፦ ይቅር ብል ይጠጣሉ?

ሽብሩ፦ ወይ አንቺ! መርካቶ ብትወለጂ ኖሮ ሀብታም ነበርሽ።

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ሽብሩ፦ እኔ ለሰላምታ እንኳ ሰው ቤት ስሄድ ከሩቅ እያንጎራጎርኩ ነው የምሄደው፤ ታውቂያለሽ? በሩን ሳንኳኳ መርዶ መስሏቸው እንዳይደነግጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት እየዘፈንኩ ጎረቤት ጠየቅሁ፤ ያውም በዚህ ድምፅ። አንቺም ማክሰኞ ስትደውዪ ትንሽ ብታንጎራጉሪ ምን ነበረበት?

ወይንሸት፦ ማሽኑ ቆሞ፣ ለሠላሳ ሰው ቀጠሮ ለመንገር እየደወልኩ?

ሽብሩ፦ እሺ፣ መርዶ ካልሆነ ንገሪኛ። ባለፈው ምን አየሽ?

ወይንሸት፦ እኔ አንሺ ነኝ። የሚያነበው ዶክተሩ ነው።

ሽብሩ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስንት ዓመት አነሳሽ?

ወይንሸት፦ ዘጠኝ።

ሽብሩ፦ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሆድ ዕቃ ስታዪ ኖረሽ ማንበብ አልለመድሽም? እኔ የሰው ፊት ማንበብ የለመድኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለፈው ከማሽኑ ስወርድ ዓይኔን ሸሽተሻል።

ወይንሸት፦ ዕጢ አለ። ይህን ዶክተሩም ነግሮዎታል። አሁን የምንፈልገው ዓይነቱን ነው።

ሽብሩ፦ ዕጢ ያው ዕጢ ነው። እኛ ሰፈር ስንቱን ቀበርኩ፤ ሁሉም «በጨጓራ ሞተ» ነው የተባለው።

ወይንሸት፦ እሱ እኮ ነው ችግሩ! ሁሉም «ጨጓራ» እየተባለ መቀበሩ። ያዳምጡኝ። አንዱ ዓይነት የጨጓራውን የውስጥ ግድግዳ ይዞ ይስፋፋል፤ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት ይዘምታል። እሱ አንዴ ከተዛመተ ቢላዋ አይደፍረውም። ሌላው ከግድግዳው ሥጋ ተነስቶ ወደ ውጭ ይበቅልና ቦታውን ይዞ ቁጭ ይላል። እሱ ይቆረጣል፤ ከዚያ ኪኒን ነው። ደግሞ ቢላዋ ሳይነካው በመድኃኒት የሚሟሟ አለ። ውጭ ለቆመ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ምግብ እንቢ ይላል፣ ሆድ ይከብዳል፣ ሰውነት ይከሳል።

ሽብሩ፦ በአፌ ያስገቡት ካሜራስ? ቁራጭ ወስደው የለ?

ወይንሸት፦ ወሰዱ፤ ምንም አላገኙም። ካሜራው የሚያየው ሽፋኑን ነው። ዕጢው ከሽፋኑ ሥር ከተደበቀ ያልፈዋል። የግድግዳ ቀለም አይቶ ጭቃውን ማወቅ አይቻልም፣ ይቻላል?

ሽብሩ፦ አይቻልም። ታዲያ ባለፈው ምስል እኔ የትኛው ነኝ?

ወይንሸት፦ …

ሽብሩ፦ አየሽ? ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት ማለት ይቻላል።

ወይንሸት፦ ግድግዳው ዙሪያውን ወፍራም ይመስላል።

ሽብሩ፦ የመጀመሪያው ነኛ። ቢላዋ የማይደፍረው።

ወይንሸት፦ ይመስላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም! ባዶ ጨጓራ እንደ ባዶ ስልቻ ነው። እጥፋቱ አንዱ ባንዱ ላይ ይተኛና ሁሉም ቦታ ወፍራም ይመስላል። ውሃ ሲሞላ ይወጠራል፣ እጥፋቱ ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ዕጢው ከየት እንደተነሳ፣ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ እንደበቀለ ይታያል። ውሃው ለዚህ ነው።

ሽብሩ፦ ምሳሌ ታውቂያለሽ። መርዶ ነጋሪም እንዲህ ከሩቅ ነው የሚጀምረው። «ሰው አበባ ነው፣ ይረግፋል» እያለ፣ እያለ…

ወይንሸት፦ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሐኪሞቹ ተሰብስበው የእርስዎን ጉዳይ ይወስናሉ። አዲስ ምስል ካልቀረበላቸው ያን የድሮውን አይተው «አይቆረጥም፣ ማስታገሻ ይሰጠውና ቤቱ ይሂድ» ይላሉ። ገባዎት? በባዶ ስልቻ ይፈርዱብዎታል!

ሽብሩ፦ ቤት መሄድ ምን ክፋት አለው? ያሳሰበኝ ጡሩምባው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ባለፈው ልሞክረው ብሎ አንስቶ ነፋው። አህያ አናፋች ብለን ነው ወደ ደጅ የወጣነው። በዚያ ልቀበር?

ወይንሸት፦ ከመሞት መሰንበት አይሉም እናንተ ሰፈር?

ሽብሩ፦ ይላሉ። የሚሉትን ሰዎች ግን እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።

ወይንሸት፦ እኔ በቃኝ። እውነቴን ነው። እግሬ አብጧል፣ ራሴን ያመኛል። ሰው ራሱ ለመዳን ካልፈለገ እኔ ምን ላድርግ?

ሽብሩ፦ አትቆጪ። ተቀመጪ እስቲ። … ልንገርሽ? ሞቱን አይደለም የፈራሁት። ኧረ ውሸቴን ነው፣ እሱንም ፈርቻለሁ። ሌሊት እየነቃሁ ጣሪያ አያለሁ። ግን ከሱ የባሰ የፈራሁት መታለሉን ነው። ሰው ሁሉ አውቆ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ እንዳንቺ ሙዝ ታቅፌ ወደ ራሴ ቀብር መሄዱን። ይህን ውሃ የምጠጣው ለማባበያ ብቻ ከሆነ አልጠጣውም።

ወይንሸት፦ … ያ አበባ ይታይዎታል?

ሽብሩ፦ የቱ?

ወይንሸት፦ ጥግ ላይ፣ ትልቁ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው።

ሽብሩ፦ ይታየኛል።

ወይንሸት፦ የምን አበባ ነው?

ሽብሩ፦ እኔ አትክልተኛ አይደለሁም።

ወይንሸት፦ ፕላስቲክ ነው። የፕላስቲክ አበባ ውሃ አይጠጣም፣ ጋሽ ሽብሩ። ባለፈው ዓርብ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ከሥሩ ውሃ ሲፈስ አግኝታ «ጣሪያው ያፈሳል» ብላ ጠራችኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ሐሙስ ዕለት እዚያ ጥግ ጆግ ይዞ የተቀመጠው ማን እንደነበር ትዝ አለኝ።

ሽብሩ፦ ፕላስቲክ መሆኑን በምን ልወቅ? አቧራ ለብሶ ሳየው የጠማው መስሎኝ አዘንኩለት።

ወይንሸት፦ ለምን ደፉት?

ሽብሩ፦ አንዱን ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ድፍን አለብኝ። ሁለተኛውን ስጀምር ሊያስመልሰኝ ሆነ። ከጎኔ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። ስንት ድንኳን ያስተከልኩ፣ ስንቱ ትከሻዬ ላይ ያለቀሰብኝ ሰው፣ ልጆች ፊት ላስታውክ? ባዶውን ጆግ ሳሳይሽ «ጎበዝ!» አልሽኝ። ደስ አለኝ። ሞኝነት ነው።

ወይንሸት፦ እንግዲያው ሞኞቹ ሁለት ነን።

ሽብሩ፦ አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?

ወይንሸት፦ ቅጽ አለ። ሕመምተኛው ሲጠጣ ቆሜ አይቼ «ጠጥቷል» ብዬ መፈረም የኔ ሥራ ነው። ቆሜ አላየሁም። ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው አስተኝቼ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ጆጉን ባዶ ሳገኘው ፈረምኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ዶክተሩ የኔን ፊርማ አምኖ ነው ያነበበው። ውሃ ሞልቶበት እንኳ እንዲህ የወፈረ ጨጓራ ከሆነ ክፉው ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ማንም እንደዚያ ነው የሚያነበው። ያን ንባብ ያጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሽብሩ፦ ዓርብ ካወቅሽ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?

ወይንሸት፦ ዝም አይነቅዝም ብዬ። እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰኞ ዶክተሩ ጋ ገብቼ «ሕመምተኛው ሲነሳ ተነቃንቋል፣ ምስሉ ተበላሽቷል፣ ይደገም» አልኩት።

ሽብሩ፦ ማን? እኔ ተነቃነቅሁ?

ወይንሸት፦ አዎ።

ሽብሩ፦ እንደ በድን ነው የተኛሁት! ትንፋሽ ያዙ ስትዪኝ «ይልቀቁ» እስክትዪኝ ድረስ ዓይኔ ሊወጣ ነበር! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ።

ወይንሸት፦ አውቃለሁ። እውነቱን ብናገር ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይሆንብኛል፤ አንድ ቀድሞም አለኝ። በሁለተኛው ከማሽኑ ያነሱኝና ካርድ ክፍል ይወረውሩኛል። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽብሩ፦ ታዲያ ለኔ ለምን ነገርሽኝ? አሁን ወጥቼ ብናገርብሽስ?

ወይንሸት፦ ይናገሩ። ካልጠጡ ደግሞ ነገ ስብሰባው ላይ ገብቼ «ይህን ምስል አትመኑት፣ ሰውየው ውሃውን አልጠጣም፣ በውሸት የፈረምኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ከዚያ ሌላ ቀጠሮ ይሰጥዎታል። ወረፋው አንድ ወር ተኩል ነው። ዕጢው ግን ወረፋ አይጠብቅም።

ሽብሩ፦ ያ ቅጽ የት ነው?

ወይንሸት፦ የቱ?

ሽብሩ፦ የፈረምሽበት።

ወይንሸት፦ ይኸው፣ ከካርድዎ ጋር።

ሽብሩ፦ መነጽሬን የሺ ይዛዋለች። አንብቢልኝ።

ወይንሸት፦ «ሕመምተኛው አንድ ሊትር ውሃ በባለሙያው ፊት ጠጥቷል። ወይንሸት ጌታነህ።» ፊርማዬም አለበት።

ሽብሩ፦ ሰርዢው።

ወይንሸት፦ አሁን?

ሽብሩ፦ አሁን። እያየሁሽ።

ወይንሸት፦ … ሰረዝኩት። «አልጠጣም» ብዬ ጻፍኩ። የዛሬን ቀን ጻፍኩ። ፈረምኩ። አዩት?

ሽብሩ፦ አየሁት። … ሠላሳ አንድ ዓመት መርዶ ተናገርኩ። «ሐኪሙ ነው ያጠፋው» ብያለሁ። «መኪናው ነው» ብያለሁ። «እግዚአብሔር ወሰደው» ብያለሁ። «እኔ አጠፋሁ» ያልኩበት አንድም ቀን የለም። መርዶ የያዘ ሰው ጥፋትን ወደ ራሱ አይስብም።

ወይንሸት፦ ታዲያ?

ሽብሩ፦ ታዲያማ ባልዲ አምጪ። ጀርባሽንም አዙሪልኝ። ቢያስመልሰኝ አላየሽም።

ወይንሸት፦ ባልዲውን ላምጣ። ጀርባዬን ግን አላዞርም። ባለፈው ያዞርኩት ይበቃኛል።

ሽብሩ፦ እልኸኛ ነሽ። እሺ፣ ቅጂ።

ወይንሸት፦ ቀስ ብለው። ትንሽ ትንሽ ጎንጨት ይበሉ። ግማሽ ሰዓት አለን።

ሽብሩ፦ ይኸው አንዱ።

ወይንሸት፦ ጎበዝ።

ሽብሩ፦ ያን ቃል ተዪው። ባለፈውም ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። … ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። ባልዲውን!

ወይንሸት፦ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። እጄን ይያዙ። ጠበቅ ያድርጉት፣ አይሳቀቁ።

ሽብሩ፦ … ተመለሰ። ወደ ታች ተመለሰ።

ወይንሸት፦ ትንሽ ይረፉ። ከኔ በቀር ማንም አላየም።

ሽብሩ፦ አንቺማ የሆዴን ውስጥ የምታዪ ሰው ከአፌ የሚወጣውን ብታዪ ምን ነውር አለው። … ካርድ ክፍል መወርወርሽ ነው እንግዲህ። በኔ ጦስ።

ወይንሸት፦ ካርድ ክፍል ወንበር አለ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ።

ሽብሩ፦ ሁለተኛውን ጨረስኩ። ሦስተኛውን አምጪው። … ወይንሸት?

ወይንሸት፦ አቤት።

ሽብሩ፦ ስልቻው ተወጥሮም ያው ክፉው ቢሆንስ?

ወይንሸት፦ ያው ከሆነ «ያው ነው» ይባላሉ። ነገ፣ ከስብሰባው በኋላ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው። ዶክተሩን እኔ እለምነዋለሁ።

ሽብሩ፦ ዘመድ ሳይሰበሰብ?

ወይንሸት፦ ዘመድ ሳይሰበሰብ። ሙዝም ሳይገዛ።

ሽብሩ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይበለን። … አራተኛው ከበደኝ። ከመጀመሪያው ይልቅ ግን ይሻላል። ከሁለት ወር ወዲህ ይህን ያህል ነገር በሆዴ አድሮ አያውቅም።

ወይንሸት፦ አንድ ብቻ ቀረ። ሲጨርሱ እንገባለን። ልጅዎ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኳች፤ ጨንቋታል መሰለኝ። ብቅ ብዬ ምን ልበላት?

ሽብሩ፦ መጀመሪያ አምስተኛውን ሙዪልኝ። ለሷ ደግሞ «አባትሽ ታሟል» በያት። ሠላሳ አንድ ዓመት የዋሸሁበት ቃል ነው፤ ዛሬ ገና እውነት ሆነልኝ።